አይዞህን ለራስ መናገር፦ ቀንን በቀና መንፈስና በዓላማ ለመዋል የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

«አይዞህ» የሚባለው ለማን ነው? ደስ ብሎት ለሚስቅ ሰው አይደለም። ሎተሪ ለደረሰው ሰው «አይዞህ» ብትሉት ግራ ይገባዋል። አይዞህ የሚባለው ለወደቀ፣ ለደከመው፣ ለፈራ ሰው ነው። ቃሉ ሲጀምር «ከብዶሃል፣ ይታየኛል» ይላል። «ትወጣዋለህ» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ይህን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። ቀና አመለካከት ማለት ችግርን አለማየት ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰሞን የመኝታ ቤቴን ግድግዳ በጥቅስ ሞልቼው ነበር። «ዛሬ የድል ቀን ነው!»፣ «የሚያቆመኝ የለም!» ምናምን። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቶቹን ማየት ተውኩ። በአራተኛው ጭራሽ ያናድዱኝ ጀመር። ከፍቶኝ በነቃሁበት ጠዋት ግድግዳው የሚያሾፍብኝ ይመስለኝ ነበር። ገነጣጥዬ ጣልኳቸው።

ከዚያ በኋላ እየሞከርኩ፣ እየተውኩ፣ እንደገና እየጀመርኩ የቀረልኝ ልማድ ከታች ያለው ነው። በቀን 11 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ጠዋት 5፣ እኩለ ቀን ላይ 1፣ ማታ 5። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ረጋ ብሎ መቀመጥን ይጠይቃል። የሚያስፈልገው ዕቃ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። በስልክም ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ለመጻፍ ብሎ ስልክ የከፈተ ሰው የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል የለ? እዚህ ላይ የወረቀቱ ጠባይ ይጠቅመናል።

ደረጃ 1፦ ዓላማን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ

«ዓላማ» የሚለው ቃል ሰው ያስፈራል። ዓለምን መለወጥ፣ ስም ማስጠራት፣ ትልቅ ነገር መመሥረት ይመስለናል። እንደዚያ ካሰብነው ብዙዎቻችን ዓላማ የሌለን ሆነን እንቀራለን።

መጀመሪያ ዓላማንና ግብን እንለይ። ግብ ሲደርሱበት ያልቃል። ዲግሪ መያዝ ግብ ነው፤ የምረቃው ማግስት ላይ ቦታው ባዶ ይሆናል። ዓላማ ግን አያልቅም፤ አቅጣጫ ነው። «የገባኝን ነገር ለሌላው በሚገባው መንገድ ማስረዳት» ዓላማ ነው። ከዲግሪው በፊትም ይሠራል፣ ከዲግሪውም በኋላ ይሠራል፣ ጡረታ ወጥቶም ይሠራል። ብዙ ሰው ያሰበው ሁሉ ተሳክቶለት «ታዲያ አሁንስ?» የሚለው ግብ እንጂ ዓላማ ስላልነበረው ይመስለኛል።

አሁን ደብተሩን ክፈቱና ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ጻፉ። አታሳምሩት። ማንም አያነበውም።

አንደኛ፦ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ደክሞኝ፣ ግን ደስ ብሎኝ የተኛሁበት ቀን የትኛው ነው? ምን ስሠራ ዋልኩ?

ሁለተኛ፦ ማንም ሳይከፍለኝና ሳያመሰግነኝ የማደርገው፣ ሳላደርገው ስቀር ግን ቅር የሚለኝ ነገር ምንድን ነው?

ሦስተኛ፦ ለአንድ ሳምንት ብጠፋ ማን ይቸገራል? በምን?

ሦስተኛዋ ጥያቄ አንዳንዱን ሰው ታማለች። «ማንም አይቸገርም» የሚል መልስ ከመጣባችሁ እዚያ ላይ አትቆዩ። ጥያቄዋን ገልብጧት፦ «ማንን መርዳት ብችል ደስ ይለኛል?»

ከመልሶቹ ውስጥ የሚደጋገም ነገር ፈልጉ። ከዚያ «ምን» እና «ለማን» ያለባት አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አንድ የሂሳብ ሠራተኛ «ሰዎች ስለ ገንዘባቸው ሳይጨነቁ እንዲያድሩ ሂሳባቸውን አጥርቼ አሳያቸዋለሁ» ሊል ይችላል። አንድ ወላጅ «ልጆቼ ጥፋታቸውን ሳይፈሩ የሚነግሩኝ ሰው እሆናለሁ» ሊል ይችላል። ሥራ ፈላጊም እንዲሁ፦ «በየቀኑ ትንሽ እየተማርኩ፣ የሚቀጥረኝን ሰው ሸክም የማቃልል ባለሙያ እሆናለሁ።»

ዓረፍተ ነገሯን በሁለት ነገር ፈትኗት። ታማችሁ አልጋ ላይ በዋላችሁበት ቀን እንኳ የጥፍር ታህል ነገር ልትሠሩላት ትችላላችሁ? ለቅርብ ጓደኛ ጮክ ብላችሁ ስታነቧት ታሳፍራችኋለች? በመጀመሪያው «አዎ»፣ በሁለተኛው «የለም» ካላችሁ ትሠራለች። ለዘላለም አይደለችም፤ በኋላ ትቀይሯታላችሁ። እኔ ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ።

ትንሿ ዓላማ ምን ያህል ልትሸከም እንደምትችል ሳስብ ቪክቶር ፍራንክል ትዝ ይለኛል። የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ናዚዎች ወደ ማጎሪያ ካምፕ ወሰዱት። በ1944 ወደ አውሽቪትስ ተዛወረ። እዚያ ሲደርስ ሊያሳትመው ያዘጋጀውን የመጽሐፍ ረቂቅ ወሰዱበት። ኋላ ሌላ ካምፕ ውስጥ በታይፈስ ትኩሳት ሲማቅቅ፣ ባገኛት ቁራጭ ወረቀት ሁሉ ላይ የረቂቁን ነጥቦች ከትዝታው መልሶ ይጽፍ ነበር። እንዳልሞት የረዳኝ ይህ ነው ብሎ ያምን ነበር። እስከ 1997 በሕይወት ኖሯል። በዚያ ትኩሳት ሌሊት ፊቱ የነበረችው ዓላማ ግን «ይህን ነጥብ ሳልረሳው ልጻፍ» የምትል ብቻ ነበረች።

ደረጃ 2፦ የራስን ማበረታቻ መጻፍ

ከመመሪያው ሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ስለዚህ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ጆአን ውድ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና አንድ ነገር ፈተነች። ሰዎች «ተወዳጅ ሰው ነኝ» የሚለውን ለራሳቸው እንዲደጋግሙ አደረገች። ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ሰዎች ትንሽ ደስ አላቸው። ለራሳቸው ያላቸው ግምት ዝቅ ያለው ግን ባሰባቸው። ማበረታቻ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ነው የተጎዳው ማለት ነው።

ምክንያቱ አይከብድም። አፍ ሲናገር ልብ ይሟገታል። «አሸናፊ ነኝ» ስትሉ ውስጣችሁ «በምን?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ከሌለ ክርክሩን ትሸነፋላችሁ፤ እዚያው ቁጭ ባላችሁበት፣ ገና ሳትነሱ።

ስለዚህ ልብ የማይከራከረው ነገር እንጻፍ። እኔ የምጠቀምበት አሠራር ሦስት ክፍል አለው፦ እውነቱ፣ ማስረጃው፣ ሥራው። «አይዞህ» የሚለው ቃል የሚሄድበት መንገድም ይኸው ነው።

እውነቱ ማለት ዛሬ የከበደው ነገር ነው። በአጭሩ ይጻፍ። አይጋነን፣ አይደበቅ። «አለቃዬ ሰው ፊት ስለተናገረኝ ሆዴ ተረብሿል።» በቃ። «ሁሉም ይጠላኛል» ከተባለ ተጋኗል። «ምንም አልሆንኩም» ከተባለ ተደብቋል።

ማስረጃው ከራስ ሕይወት የተገኘ፣ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ለዚህ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ተጠቀሙ። ያኔ አልወጣውም ብላችሁ አስባችሁ የወጣችሁትን ነገር ጻፉበት፤ አሥር ያህል። የወደቃችሁበትና እንደገና የተፈተናችሁበት ትምህርት። የተፋታችሁበት ዓመት። ሰው የማታውቁበት ቦታ የገባችሁበት የመጀመሪያ ወር። መኪና መንዳት ስትማሩ የነበረው ፍርሃት። ትንሽም ይሁን ትልቅ ግድ የለም፤ እውነት ይሁን እንጂ። ይህን ገጽ መጀመሪያ ስሞላ አራተኛው ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ እናቴን ጠየቅኳት። ሰባት ጨመረችልኝ፤ ሁለቱን ጨርሶ ረስቻቸው ነበር። እናንተም ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቃችሁን ሰው ጠይቁ።

ሥራው ዛሬ የሚደረግ አንድ ነገር ነው። እዚህ ላይ አንድ መፈተኛ አለኝ፦ ካሜራ ሊቀርጸው ይችላል? «ጠንክሬ እሠራለሁ» ካሜራ አይቀርጸውም። «የመጀመሪያውን ገጽ ጽፌ ለእህቴ እልካለሁ» ይቀረጻል። «ጤናዬን እጠብቃለሁ» አይቀረጽም። «ከምሳ በኋላ 15 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ» ይቀረጻል።

ሥራው ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ሙከራ፣ የኤሌክትሪክ ንዝረትን ማስቆም ያልቻሉ ውሾች በኋላ ማምለጫ ሲከፈትላቸውም ብዙዎቹ ዝም ብለው ይተኙ እንደነበር አይተዋል። ያኔ የደረሱበት ድምዳሜ «ተስፋ መቁረጥን ተምረውታል» የሚል ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ የአንጎል ጥናቶችን አይተው ነገሩን ገለበጡት። ለረዘመ ክፉ ነገር እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሳይማሩት የሚመጣ ምላሽ ነው አሉ። በትምህርት የሚመጣው «በእጄ ያለ ነገር አለ» የሚለው ስሜት ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቀላል ነው። አልጋ ላይ መቅረት ያማራችሁ ቀን ራሳችሁን «ሰነፍ» ብላችሁ አትስደቡ። ይልቅ የምትቆጣጠሯትን አንዲት ትንሽ ነገር ፈልጉና አድርጓት።

ሦስቱ ሲገጣጠሙ እንዲህ ይሆናሉ፦

«ትናንት የመጣው የእምቢታ መልስ አስከፍቶኛል። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ እምቢ ተብዬ በሦስተኛው አግኝቻለሁ። ዛሬ ማመልከቻዬን ለአንድ ሰው አሳይቼ ምን እንደጎደለው እጠይቃለሁ።»

«አባቴን ማስታመም አድክሞኛል፤ ተናድጄበትም አውቃለሁ። ያም ሆኖ ባለፉት አራት ወራት አንድም ቀን መድኃኒቱ አላለፈውም። ዛሬ ለወንድሜ ደውዬ ቅዳሜን እንዲይዝልኝ እነግረዋለሁ።»

«ሥራዬ ሰልችቶኛል። ባለፈው ወር ግን ያቺን አዲስ ልጅ ሳሠለጥናት ቀኑ እንዴት እንዳለፈ አላወቅኩም። ዛሬ አንድ የማውቀውን ነገር አሳያታለሁ።»

አንድም የቃለ አጋኖ ምልክት እንደሌለባቸው ልብ በሉ። ለማበረታቻ ጩኸት አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ከራሳችን ጋር ስንጣላ ራሳችንን «አንተ» ወይም «አንቺ» ብለን ነው የምንሰድበው። «አንተ ደደብ፣ ምን ነካህ?» እንላለን፤ ብቻችንን ቁልፍ ረስተን ስንወጣ። ያው በር ለደግ ነገርም ይከፈታል። ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሚያስጨንቅ ነገር በፊት ራሳቸውን በስማቸው ወይም በ«አንተ» እየጠሩ ያነጋገሩ ሰዎች «እኔ» እያሉ ካሰቡት ይልቅ ተረጋግተው ተገኝተዋል። ከራስ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ማየትን ያመጣል። ስለዚህ «ከብዶኛል» የሚለው ካልሠራላችሁ ስማችሁን ጠርታችሁ ወይም «አንተ»፣ «አንቺ» ብላችሁ ጻፉት፦ «አይዞሽ። ትናንት ከብዶሽ ነበር።» መጀመሪያ ያስቃል። ይለመዳል።

ደረጃ 3፦ ጠዋት፣ 5 ደቂቃ

ስልክ ከመንካት በፊት ይሁን። ይህን ካልጠበቃችሁ የቀረው ሁሉ ይበላሻል። ስልኩን ስትከፍቱ የሌላው ሰው ሀሳብ፣ የሌላው ቁጣ፣ የሌላው ሠርግ ቀድሞ ይገባል። የራሳችሁ ተራ ሳይደርስ ቀኑ ይጀምራል። ስልኩ ማንቂያ ደወል ከሆነባችሁ ከአልጋው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ደብተሩ ላዩ ላይ ይሁን። ደወሉን ለማጥፋት ስትነሱ እጃችሁ መጀመሪያ የሚያገኘው ደብተሩን ነው።

ቀኑን ጻፉ። የዓላማችሁን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ አንብቧት፤ መገልበጥ አያስፈልግም። ከዚያ የዛሬውን እውነት፣ ማስረጃና ሥራ በሦስት መስመር ጻፉ። ምንም የከበደ ነገር ከሌለ «ዛሬ ደህና ነኝ» በሉና ሥራውን ብቻ ጻፉ። ችግር ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

አሁን ሥራውን ከጊዜና ከቦታ ጋር እሰሩት። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር ዕድሜውን በዚህ ላይ አሳልፏል ማለት ይቻላል። ሀሳቡ ቀላል ነው፦ «ይህ ሲሆን፣ ያንን አደርጋለሁ።» እ.ኤ.አ. በ2006 ከፓስካል ሺራን ጋር 94 ሙከራዎችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ እንዲህ አስረው ያቀዱ ሰዎች «አደርገዋለሁ» ብለው ብቻ ከተነሱት በግልጽ የተሻለ ፈጽመው ተገኝተዋል። ስለዚህ «ዛሬ ሪፖርቱን እጀምራለሁ» አትበሉ። «ከምሳ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ፣ ሌላ ነገር ሳልከፍት ሪፖርቱን እከፍታለሁ» በሉ። ወንበሩ ራሱ አስታዋሽ ይሆናል።

እንቅፋቱንም በአንድ መስመር ጻፉ። «ባልደረባዬ ለወሬ ከመጣ፣ ‹ለ20 ደቂቃ ታገሠኝ› እለዋለሁ።» ይህ ጨለምተኝነት እንዳይመስላችሁ። ጋብሪኤለ ኦቲንገን ከሄዘር ካፕስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመችው ጥናት፣ መጪው ሳምንት እንዴት ያማረ እንደሚሆን በምናብ ያጣጣሙ ሰዎች ጉልበታቸው ቀንሶ፣ ሳምንቱም ሲያልቅ ትንሽ ብቻ ሠርተው እንደተገኙ ያሳያል። ሰውነት የደረሰ መስሎት ዘና ይላል። ህልሙን አይታችሁ ወዲያው እንቅፋቱን ብታዩ ነው የሚሻለው።

ደረጃ 4፦ እኩለ ቀን፣ 1 ደቂቃ

ይህ ፈጣን ነው። ቁሙ፤ ሦስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። «ጠዋት የጻፍኳት ሥራ የት ደረሰች?» ብላችሁ ጠይቁ። ተሠርታ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነች ግማሿን ቁረጧትና ከሰዓት በኋላ ላይ እሰሯት። 15 ደቂቃው መንገድ ካልሆነላችሁ 7 ደቂቃ ይሁን። ያለፈውን ግማሽ ቀን እያነሱ መቆጨት እዚህች ደቂቃ ውስጥ ቦታ የለውም።

ደረጃ 5፦ ማታ፣ 5 ደቂቃ

ዛሬ ደህና የሄዱ ሦስት ነገሮችን ጻፉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ «ለምን ሆነ?» የሚለውን በአንድ መስመር መልሱ።

ይህ በደንብ ከተፈተኑት ልምምዶች አንዱ ነው። ከላይ ያነሳሁት ሴሊግማን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያሳትመው፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ይህን የሠሩ ሰዎች ከስድስት ወር በኋላም የተሻለ ደስታና የቀነሰ ድብርት ነበራቸው። ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ማንም ሳያስገድዳቸው የቀጠሉት ናቸው።

ቁልፉ «ለምን» የሚለው ነው፤ ብዙ ሰው እሱን ይዘልለዋል። «ጎረቤቴ ሰላም አለችኝ» ብቻ ከሆነ ነገ ይረሳል። «ጎረቤቴ ሰላም አለችኝ፤ ምክንያቱም ባለፈው ሳምንት ዕቃዋን አግዣት ነበር» ሲሆን ግን በእጃችሁ የመጣ መሆኑ ይታያል። «ዝናቡ ቆመ» የሚለውም ይቆጠራል፤ ሁሉም ነገር ከእኛ መምጣት የለበትም።

ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ «ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሥራ» እያላችሁ እንደ ፎርም መሙላት ከጀመራችሁ አቁሙ። ሶንያ ሉቦሚርስኪና ባልደረቦቿ በ2005 እንዳሳተሙት፣ ምስጋናቸውን በሳምንት አንድ ጊዜ የቆጠሩት ደስታቸው ሲጨምር፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ የቆጠሩት ግን አልጨመረላቸውም። ሲሰለች ያፈዝዛል። እኔ ሲሰለቸኝ ወደ ሳምንት አንድ ጊዜ እወርዳለሁ፤ ማታ የምጽፈው «ሥራዋ ተሠርታለች ወይስ አልተሠራችም» የሚለውን ብቻ ይሆናል።

ቀን ሲዘለል

ትዘላላችሁ። እንግዳ ይመጣል፣ ታማላችሁ፣ ወይም ዝም ብሎ ይሰለቻችኋል። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ልማድ ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል። የሰው ለሰው ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ ከ18 እስከ 254 ቀን። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ስለዚህ «በ21 ቀን ሕይወትህ ይለወጣል» የሚላችሁን ሰው በፈገግታ እለፉት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ግን እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ ነው።

የተዘለለውን ቀን ለማካካስ ሁለት እጥፍ አትጻፉ። ባዶውን ገጽ ተዉትና የዛሬውን ቀን ጻፉ።

ክፉ ቀን ሲመጣ

ሰው የሞተባችሁ፣ ከሥራ የተባረራችሁ፣ መጥፎ የምርመራ ውጤት የተነገራችሁ ቀን ሦስት ደግ ነገር ፍለጋ አትቀመጡ። ቀና መሆን ማለት ኀዘንን መከልከል አይደለም። ያን ቀን እውነቱን ብቻ ጻፉ። ማስረጃና ሥራ ይቆዩ። ማልቀስም የቀኑ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ጋብ ሲል ሌላ መሣሪያ አለ። ጄምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ስለደረሰባቸው ከባድ ነገርና ስለተሰማቸው ስሜት እንዲጽፉ አደረገ። ጽፈው ሲነሱ ከፍቷቸው ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ወደ ክሊኒክ የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነው። ቁስሉ ገና ትኩስ ከሆነ ግን አትቸኩሉ። ሲጽፉ ነገሩ ከመቃለል ይልቅ የሚያናውጣችሁ ከሆነም ተዉት፤ ወረቀት የሁሉ ነገር መድኃኒት አይደለም።

ለክፉ ቀን የምወዳት ሌላ ነገር አንድ መስመር ማስመር ነች። ገጹን ለሁለት ክፈሉ፤ በአንዱ ወገን በእጄ ያለ፣ በሌላው በእጄ የሌለ። ባሪያ ሆኖ የተወለደው ጥንታዊው ፈላስፋ ኤፒክቴተስ ያስተምር የነበረው ይህንን መለየት ነው። በራሱ አካል ላይ እንኳ መብት ያልነበረው ሰው ስለሆነ ነገሩን ከምቾት ወንበር ላይ ሆኖ አልተናገረውም። የሐኪሙ ውጤት በእጄ የለም። ለሐኪሙ የምጠይቀውን ጥያቄ ጽፎ መሄድ በእጄ ነው።

ለሌላው አይዞህ ማለት

ለራስ የተማሩት ለሌላም ይሠራል፤ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። መጀመሪያ «ከባድ ነው» በሉ። «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚለው ልጁ ለታመመበት ሰው በር መዝጋት ነው። ቀጥሎ ስለዚያ ሰው የምታውቁትን እውነት ንገሩት፦ «አምና እንዴት እንደተወጣኸው አይቻለሁ።» መጨረሻ ላይ አንድ የሚቀረጽ ነገር አቅርቡ። «የምረዳህ ነገር ካለ ንገረኝ» ጥሩ አነጋገር ነው፤ ግን ሥራውን ለተቸገረው ሰው ይመልስለታል። «ነገ 9 ሰዓት ላይ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አመጣልሃለሁ» ይሻላል።

ይህ ሳይበቃ ሲቀር

ለሁለት ሳምንት ያህል አብዛኛውን ቀን ከከፋችሁ፣ የምትወዱት ነገር ሁሉ ደስ ካላላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛቡባችሁ፣ ይህ የአመለካከት ጉድለት አይደለም። የድብርት በሽታ ሊሆን ይችላል። ድብርት የሚታከም በሽታ ነው፤ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሂዱ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሀሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ በአቅራቢያ ወዳለ የሕክምና ቦታ ሂዱ። ደብተሩ የትም አይሄድም።

በሳምንት አንዴ፣ 15 ደቂቃ

የሳምንቱን ገጾች አገላብጡ። ሦስት ነገር ብቻ እዩ። ከጻፋችኋቸው ሥራዎች ስንቱ ተሠራ? ከግማሽ በታች ከሆነ ሥራዎቹ በዝተዋል ወይም ከብደዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አሳንሷቸው። የሚደጋገም «እውነት» አለ? አንድ ነገር ለአራት ቀን ከከበደ ማበረታቻ ሳይሆን ውሳኔ ነው የሚፈልገው፤ ከሰው ጋር መነጋገር፣ ቦታ መቀየር፣ እምቢ ማለት። ሦስተኛ፣ በዚህ ሳምንት የተወጣችሁት ነገር ካለ ወደ መጨረሻው ገጽ አሻግሩት፤ የማስረጃው ዝርዝር ላይ ይጨመር።

የእኔ ዝርዝር አሁን 43 ደርሷል። 44ኛው ቁጥር ተጽፎ ፊት ለፊቱ ባዶ ነው። በእርሳስ «?» አድርጌበታለሁ።